ተያዥ በሌለበት ቤት

ባለቤቴ ሥራውን ያጣው መስቀል በዋለ በሳምንቱ ነው። መርካቶ ውስጥ በአንድ የእህል መጋዘን ዘጠኝ ዓመት ሚዛን ይዟል። ባለመጋዘኑ ሽማግሌ ታመሙ፤ መጋዘኑን ሸጡና ወደ አገራቸው ገቡ። የገዛው ሰው የራሱን ወንድሞች ይዞ መጣ። በዚህ ማንንም አልወቅስም። እኔም ወንድም ቢኖረኝ ወንድሜን አስቀድም ነበር።

በዚያን ቀን ባለቤቴ ከወትሮው ቀደም ብሎ መጣ፤ ካፖርቱን ሳያወልቅ መደቡ ላይ ተቀመጠ።

«መጋዘኑ ተሸጠ» አለኝ።

«አንተስ?»

«እኔማ ከዕቃው ጋር አልተቆጠርኩም።»

ሊያስቀኝ ፈልጎ ነው። ሳቅሁለት። አራት ልጆች ነበሩን። ትልቋ አሥር ዓመቷ ነው፤ አራተኛ ክፍል ትማራለች። ትንሹ ገና ጡት አልጣለም።

መርካቶ ያን ጊዜ ሥራ ሞልቶ ነበር። ከሶማሌ ተራ ጀምሮ እስከ አንዋር መስጊድ ድረስ መጋዘን በመጋዘን ነው። ባለቤቴን የማያውቀው ነጋዴ ጥቂት ነው፤ እጁ ንጹሕ መሆኑንም ያውቃሉ። ነገር ግን በየደረሰበት የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው። «ተያዥ አለህ?» ይሉታል። ተያዥ ማለት ዕቃ ቢጎድል እኔ እጠየቃለሁ ብሎ የሚፈርም፣ ሱቅ ወይም ቤት ያለው ሰው ነው። ሽማግሌው ባለመጋዘን ያለ ተያዥ የቀጠሩት አባቱን ስለሚያውቁ ነበር። አባቱ ሞተዋል፤ ሽማግሌውም ሄደዋል። ከምናውቀው ሰው ሁሉ ሱቅ ያላቸው አንድ ብቻ ናቸው። እሳቸውም የአበልጄ ባል ናቸው።

አበልጄ የትልቋን ልጄን ክርስትና ያነሡ ሴት ናቸው። ባላቸው እዚያው መርካቶ ጨርቅ በጅምላ ይሸጣሉ። ደግ ሴት ነበሩ፤ ይህን የምጽፈው ደግነታቸውን ልክድ አይደለም። ለፋሲካም ለእንቁጣጣሽም ለልጄ አንድ ነገር ሳይልኩ ቀርተው አያውቁም። ባለቤቴ ሁለት ጊዜ ሄዶ ባላቸውን ስለ ተያዥነት ለመነ። ሁለት ጊዜም «እናያለን» አሉት። በመርካቶ ነጋዴ አፍ «እናያለን» ምን ማለት እንደሆነ እዚያ የኖረ ያውቀዋል።

ባለቤቴ ግን በየማለዳው ካፖርቱን ለብሶ በድሮው ሰዓት ይወጣል። ጎረቤት «ሥራ ላይ ነው» ይበል ብሎ ነው። ለምሳ አይመጣም። ማታ ገበታ ስናቀርብ «እዚያው በልቻለሁ» ይላል። የት እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

በኅዳር ሃያ ስምንት፣ የአማኑኤል ዕለት፣ ልሳለም ሄድኩ። ከግቢው ጥግ፣ ከዛፍ ሥር፣ ካፖርቱን አጥፎ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጦ አየሁት። አጠገቡ ነዳያን ተቀምጠዋል። አንዱ ከጨርቁ ውስጥ ቆሎ ሲዘግንለት እጁን ዘርግቶ ተቀበለ። እኔ በሌላው በር ወጣሁ። እንዳየሁት ነፍሱን ይማረውና እስኪሞት ድረስ አልነገርኩትም።

በማግስቱ በርበሬ ተራ ሄድኩ።

እዚያ የበርበሬ ነጋዴዎች ዛላ በርበሬ በጆንያ ያራግፋሉ፤ ሴቶች ዙሪያውን ተቀምጠው የዛላውን ጭራ እየቀነጠሱ፣ የተበላሸውን እየለዩ ይውላሉ። ቅንጠሳ ለሚሠራ ተያዥ አይጠየቅም። ሰርቆ ማን በርበሬ ይዞ ይሮጣል? እያነጠሰ ይያዛል። አንዷ ሴት ቦታ ለቀቀችልኝ። «ዓይንሽን አትንኪ፣ አፍንጫሽንም አትንኪ፣ ሌላውን እግዜር ያውቃል» አለችኝ። እኔ ግን በመጀመሪያው ቀን ዓይኔን ነካሁ። ሁለተኛው ቀን የባሰ ሆነ። እጄን በአመድም በሳሙናም ታጥቤ ሕፃኑን ሳጠባ አፉን አቃጠለውና ጮኸ። ከዚያ በኋላ ጣቶቼን በጨርቅ እየጠቀለልኩ እቀነጥስ ነበር።

ሕፃኑን የሚይዙልኝ በግድግዳ የምንዋሰን ባልቴት ነበሩ። ጡት ሲል በርበሬ ተራ ድረስ ያመጡልኝ ነበር፤ ምንም አልጠየቁኝም። «ልጅ ማባበል ለኔ መዝሙር ነው» ይሉ ነበር። ውለታቸውን እግዚአብሔር በሰማይ ይክፈላቸው።

ወቅቱ የገና ጾም ነበር። ጾም የድሃን ቤት ገመና ይሸፍናል፤ ወጣችሁ ለምን ቅቤ የለውም የሚል የለም። ገና ሲደርስ ግን ፍስክ ሆነ፤ ያን ዕለት ልጆቹ የጎረቤት ዶሮ ወጥ እየሸተታቸው ሽሮ በሉ። ትልቋ ልጄ ታናናሾቿን «እኛ ጾም ጨምረን ነው፣ ጽድቅ እናገኛለን» ስትላቸው ሰማሁ። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። ቢሆንም ማታ ከመተኛታችን በፊት ሁላችንንም አቁሜ «ተመስገን» አስባልኩ። ባለቤቴ «በምኑ?» አለ። «ሽሮው ስላልጎደለ» አልኩት።

የጥምቀት ዋዜማ ባልቴቷ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ገቡ።

«አበልጅሽ ለልጃቸው ልከዋል» አሉኝ።

ፈታሁት። አረንጓዴ ጥለት ያለው አዲስ ቀሚስ ነው። መቀነትም አለው፤ ነጠላም አለው፤ ሸራ ጫማም አለው። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባላል። በዚያ ዓመት ለልጄ የምትለብሰው አልነበረኝም። ብድግ ብዬ በሁለት እጄ ተቀበልኩ። «የሰጠች እጅ አትንጠፍ፤ እግዚአብሔር በረከቱን ይጨምርላቸው» ብዬ መረቅሁ። ባልቴቷ ደስ ብሏቸው ሄዱ። ልጄ ለብሳ ታቦት ሸኘች። አበልጄ ከሰው መካከል አይተዋት ሳሟት፤ አብረዋቸው ለነበሩት ሴቶችም «ልጄ ናት» አሏቸው። እኔ ከኋላ ቆሜ ደስ አለኝ።

ከጥምቀት በኋላ በመጣው እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ አበልጄና ባልቴቷ ቤቴ መጡ። ባለቤቴም ቤት ነበር። ቅዳሜ ያልጨረስኩትን በርበሬ ነጋዴው አምኖ ሰጥቶኝ ሩብ ጆንያ ያህል ከጥግ አስቀምጬ ነበር። አበልጄ ገና ሳይቀመጡ አነጠሱ።

«ይማርዎ» አልን ሁላችንም።

«በይ እንግዲህ» አሉኝ፣ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ይዘው። «ልጄን አዘጋጂልኝ። ጥምቀትን ካንቺ ጋር ትዋል ብዬ ነው እስካሁን የታገስኩት።»

«ወዴት ልትሄድ ነው?» አልኳቸው።

አበልጄ ወደ ባልቴቷ ዞሩ። «አልነገሩልኝም እንዴ?»

«ምኑን ልንገራት?» አሉ ባልቴቷ። «ሙሉ ልብስ አምጥቼላታለሁ። ብድግ ብላ፣ በሁለት እጇ፣ መርቃ ተቀብላለች። ከዚህ ወዲያ ምን ቃል አለ?»

ያን ጊዜ ገባኝ። እኔም አበልጄም በተወለድንበት አገር የክርስትና እናት ልጅ ልትወስድ ስትፈልግ ባዶ እጇን ቤት ገብታ «ስጡኝ» አትልም። ከቀሚስ እስከ ጫማ ሙሉ ልብስ በትልቅ ሰው እጅ ትልካለች። እናቲቱ ልብሱን ከተቀበለች ልጁን ሰጥታለች። ይህን ልማድ ከእናቴ ቤት ጀምሮ አውቀዋለሁ። ነገር ግን አሥር ዓመት ሙሉ ከእኒህ ሴት እጅ ልብስ ስቀበል ኖሬአለሁ። ያሁኑ በቤት ሠራተኛ እጅ ሳይሆን በባልቴቷ እጅ መምጣቱን፣ ነጠላውና ጫማውም መጨመሩን ልብ አላልኩም። በልጄ እርቃን ላይ ዓይኔ ስለነበረ ሌላውን አላየሁም።

«እዚህ ምን አላት?» አሉ አበልጄ። በቁጣ አልነበረም፤ በርኅራኄ ነው። «እኔ ዘንድ ጠግባ ትበላለች። አልጋ ላይ ትተኛለች። ሙያ ትማራለች፤ ሴት ልጅ ናት።»

«ትምህርት ቤቷስ?»

«አራተኛ ደርሳለች አይደል? ስሟን ከጻፈች ለሴት ይበቃል።» ደግመው አነጠሱ።

«ይማርዎ።»

«ይማረን» አሉ፤ ከዚያም ወደ ባለቤቴ ዞሩ። «ባለቤቴም ቢሆን ልቡ ለስልሷል። ልጃችሁ ልጃችን ከሆነች ለቤተኛ መፈረም አይከብደኝም ብሏል። ሰኞ ጠዋት አብሮህ መጋዘን ሄዶ ተያዥ ይሆንሃል። በዚያው ቀን ሚዛንህን ትይዛለህ።»

ዋጋ ነው ያለ የለም። ደግነት ነው የተባለው። እኔ ግን መርካቶ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ዕቃ በዕቃ ሲለወጥ አውቃለሁ። በዚያ ላይ የአበልጄን ቤት አውቀው ነበር። ከዚህ በፊት ከዘመድ ያመጧት አንዲት ልጅ ነበረች፤ እሷንም «ልጄ ናት» ይሉ ነበር። ያቺ ልጅ ከጓዳ ወጥታ ከእንግዳ ጋር ስትቀመጥ አላየኋትም።

ትልቋ ልጄ መደቡ ላይ ሕፃኑን ታቅፋ ተቀምጣለች። ስታወዛውዘው ነበር፤ አቆመች።

ባለቤቴ በሩን ተደግፎ ቆሟል። እውነቱን ለመናገር የፈራሁት አበልጄን አልነበረም፤ እሱን ነው። አራት ወር ካፖርት ለብሶ ከነዳያን ጋር የዋለ ሰው ነው። ሰኞ ጠዋት ብቻ ነው የቀረው። «እሺ» ቢል ማን ይፈርድበታል? አባት ነው፤ ቃሉም የሱ ነው። እሱ አፉን ሳይከፍት መናገር እንዳለብኝ ተሰማኝ።

ተነሣሁ። ቀሚሱን ከጥምቀት በኋላ አጥቤ አጥፌው ነበር። መቀነቱን፣ ነጠላውን፣ ጫማውን ላዩ ላይ አድርጌ በሁለት እጄ አቀረብኩላቸው።

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው። «የበዓል ስጦታ መስሎኝ ነው የተቀበልኩት። ስላለበሷት አመሰግናለሁ፤ ወደፊትም አመሰግናለሁ። ልጄን ግን አልሰጥም።»

ባልቴቷ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «አንቺ ልጅ፣ ልብስ ይመለሳል እንዴ?»

«ልጅ ከሚሄድ ልብስ ይመለስ።»

«የክርስትና ልጄ ናት» አሉ አበልጄ። አሁን ድምፃቸው ተለወጠ። «በሰማንያ ቀኗ ከቄሱ እጅ የተቀበልኳት እኔ ነኝ። ካንቺ አላንስባትም።»

«እውነት ነው፤ ተቀብለዋታል። ሃይማኖቷን ሊጠብቁላት ነው እንጂ ዕቃ ልታጥብልዎ አይደለም።»

እንዲህ ያለ ቃል ለትልቅ ሰው ተናግሬ አላውቅም ነበር። እጄ ግን እንደተዘረጋ ነበር።

አበልጄ ልብሱን አልተቀበሉም። ባለቤቴን አዩት። «ሴት ትናገራለች፤ ቤት የወንድ ነው። አንተስ ምን ትላለህ? ሰኞ ልጠብቅህ ወይስ ልተው?»

ባለቤቴ ዓይኑን ወደ ልጃችን መለሰ። በልቤ «እመቤቴ ድረሽልኝ» አልኩ። ከዚያ ከበሩ ለቆ ወደ ውስጥ ገባና ልጃችን አጠገብ ተቀመጠ።

«አበልጅ፣ ዘጠኝ ዓመት ስመዝን ኖሬአለሁ» አላቸው በትሕትና። «ጤፍ መዝኛለሁ፤ ጨው መዝኛለሁ፤ አንድ ቀን የነጋዴ ፍየል መዝኛለሁ። ልጅ ግን ሚዛን ላይ አላወጣም።»

ባልቴቷ አነጠሱ፤ «ይማርዎ» የሚል ጠፋ።

አበልጄ ልብሱን ከእጄ ወሰዱ። ሳያዩኝ በነጠላቸው ጠቀለሉት። በዚህ አዘንኩ፤ ቃሌን ግን አላጠፍኩም። ከበሩ ሲደርሱ ዞር አሉ። «እንግዲህ በርበሬያችሁን ብሉ» አሉን።

«ተመስገን፣ እሱም አለ» አልኳቸው።

ሲሄዱ ባለቤቴ ሳቀ። ከመስቀል ወዲህ እንዲያ ሲስቅ አላየሁትም። ልጃችን ግን አልሳቀችም። «ነገ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ?» አለች።

«ታዲያ ወዴት ልትሄጂ ኖሯል?» አላት አባቷ።

ሰኞ ጠዋት ሕፃኑን ይዤ የባልቴቷን በር አንኳኳሁ። ከውስጥ ድምፃቸው ይሰማል፤ አልከፈቱልኝም። አፍረውብኛል፤ በኔ ምክንያት በትልቅ ሰው ፊት ተዋርደዋል። ሕፃኑን እንደታቀፍኩ ደጃፋችን ላይ ቆምኩ። ባለቤቴ ካፖርቱን ለብሶ ሊወጣ ሲል አገኘኝ።

«እኔ እይዘዋለሁ» አለ።

«ጡት ሲል ምን ታደርገዋለህ?»

ቆመ፤ አሰበ። ከዚያ ካፖርቱን አወለቀና ምስማሩ ላይ ሰቀለው። «እንግዲያው አብሬሽ እመጣለሁ» አለ።

ባለቤቴ በርበሬ ተራ ሴቶች መካከል ሕፃን ታቅፎ የተቀመጠ የመጀመሪያው ወንድ ሳይሆን አይቀርም። አንዷ «ይኸ ደግሞ የማን ሞግዚት ነው?» አለች፤ ሁሉም ሳቁ። ጆንያ የሚያወርድ አንድ ተሸካሚ ነበር፤ ምላሱ ከጆንያው የከበደ። ከመኪናው ላይ ሆኖ ጮኾ ጠራው።

«ጋሼ፣ መቀነት ላምጣልዎ?»

«አምጣ እንጂ» አለ ባለቤቴ። «አንቀልባው ላልቶብኛል።»

ሴቶቹ ከተሸካሚው ጋር ሳይሆን ከባለቤቴ ጋር ሳቁ። ልዩነቱን ሰማሁት።

ረፋዱ ላይ ሕፃኑ አንቀላፋ። የባለቤቴ እጅ ሥራ ፈታ። ሥራ መፍታት ደግሞ መሮታል። ወደ ክምሩ ጠጋ አለና አንድ ዛላ አንሥቶ ቀነጠሰ። ሌላም ቀነጠሰ። አነጠሰ። አንዲት አሮጊት «ይማርህ» አሉ። ደግሞ አነጠሰ። «ይማርህ።» አምስተኛው ላይ አሮጊቷ ሰለቹ። «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ምሕረት በአንድ ቀን አትጨርሰው፤ ለኛም አስቀር» አሉት።

ማክሰኞም መጣ። ረቡዕም መጣ። ካፖርቱን ዳግመኛ ለቅዳሴ ካልሆነ አልለበሰውም።

ስድቡ ግን በሴቶቹ ሳቅ አላለቀም። ሰፈራችን ውስጥ «ሚስቱ ያሰረችው» አሉት። ድሮ አብረውት የሠሩ ሰዎች ሲያልፉ አንገታቸውን ሰብረው ያልፋሉ። አንድ ቀን አንዱ ቆመና «አንተን የሚያህል ሰው!» አለው። ባለቤቴ ቀና አለ። «እኔን የሚያህል ሰው አራት ልጆች አሉት» ብሎ መቀንጠሱን ቀጠለ። ማታ ግን አላወራም። ይከብደው እንደነበር አውቃለሁ። እኔም አንዳንድ ቀን ዝም ብዬ ጀርባውን እያየሁ፣ ያን እሑድ እሺ ቢል ኖሮ ዛሬ ይህን አይሰማም ነበር ብያለሁ። ይህን አልሸሽግም። ግን ልጄ ደብተሯን ይዛ ስትገባ ሳይ ሐሳቡ ይጠፋል።

ባልቴቷ በአስተርእዮ ማርያም ዕለት ራሳቸው መጡ። ስለ ልብሱም ስለ አበልጄም አላነሡም። ሕፃኑን ከእቅፌ ወሰዱና አንገቱን አሸተቱት። «በርበሬ በርበሬ አለ፤ ልጁን ወጥ ልታደርጉት ነው እንዴ?» ብለው ይዘውት ገቡ። ይቅርታው ይኸው ነበር። አበልጄ እስከ ሁዳዴ መግቢያ ፊት ነሱኝ። ያኔ ቤታቸው ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። «ልጄን ስላልሰጠሁ አይደለም፤ ስላሳዘንኩዎ ነው» አልኳቸው። «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉኝ። ባላቸው ተያዥ አልሆኑልንም፤ እኛም ዳግመኛ አልለመንናቸውም።

ሰኔ ሠላሳ ልጄ ካርድ ተቀበለች። ዝናብ ነበር። ቤት አልሄደችም፤ ካርዱን በነጠላዋ ሸሽጋ በቀጥታ በርበሬ ተራ መጣች። አባቷ ከቆርቆሮው ሥር ከሴቶቹ ጋር ተቀምጧል፤ እጁ እስከ ክንዱ ቀይ ነው። ካርዱን ዘረጋችለት።

«አልነካውም፣ አበላሸዋለሁ» አለ። «አንብቢው።»

«እዚህ?»

«እዚህ። ጮኽ ብለሽ።»

ልጄ ዙሪያዋን አየች። ሴቶቹ እጃቸውን አቆሙ። ያ ተሸካሚም ጆንያውን አውርዶ ላዩ ላይ ተቀመጠ። እሷም ቆማ እያንዳንዱን ትምህርት ከነማርኩ አነበበች። ሒሳብ ላይ ድምፅዋ ቀነሰ፤ አባቷ «ሒሳቡን ድገሚው» አላት፤ ደገመችው። በመጨረሻ «ከክፍሉ ልጆች ዐሥራ ሰባተኛ። ወደ አምስተኛ ክፍል ተዛውራለች» ብላ ጨረሰች።

ዐሥራ ሰባተኛ ብዙ እንዳይደለ እዚያ ያለች ሴት አላወቀችም፤ ያወቀችም ቢኖር ግድ አልሰጣትም። አሮጊቷ እልል አሉ። ሌሎቹ ተቀበሏቸው። የበርበሬው ብናኝ ከእልልታው ጋር ተነሥቶ ሁላችንም ማነጠስ ጀመርን፤ ነጋዴው ከሱቁ ወጥቶ «ምን ተገኘ?» ብሎ ጠየቀ።

«አምስተኛ ክፍል ገባን» አለው ባለቤቴ።